ኮምፒውተር ሲበራ ማን ይመርጣል?

በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ይቻላል። ሲበራ የቱ እንደሚነሳ የሚጠይቀው ቡት ሎደር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህቺን ጥያቄ የያዘ ገበያውን ይይዛል።

ዣን-ሉዊ ጋሴ እ.ኤ.አ. በ1990 የመሠረተው ቢ ኩባንያ ይህን በውድ ዋጋ ተማረ። የጃፓኑ ሂታቺ ዊንዶውስንና የቢን ቢኦኤስ አንድ ላይ የጫነ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ሲበራ ግን የሚታየው ዊንዶውስ ብቻ ነበር።

ቢ በ2001 ንብረቱን በ11 ሚሊዮን ዶላር ለፓልም ሸጠ። በ2002 ደግሞ «የማይክሮሶፍት የፈቃድ ውል አምራቾች ምርጫውን እንዳያሳዩ ያስራል» ሲል ከሰሰ። ማይክሮሶፍት ጥፋቱን ሳያምን በ2003 23.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ።

ካሳው የደረሰው ግን ቢ ከገበያ ከወጣ በኋላ ነው። በሩን የያዘው ተፎካካሪህ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ መኖርህን ማን ያውቃል?