ፊደል ያልያዘው ድምፅ

«ሕዝብ ይሰማል» የሚል ቃለ ተውኔት ለአንድ ተዋናይ ቢሰጥ፣ «ሰ»ንና «መ»ን አላልቶ ሲያነብ ሕዝቡ አድማጭ ይሆናል፤ ሁለቱን አጥብቆ ሲያነብ ደግሞ ተደማጭ። ወረቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው። «ይነግራል» እና «ይነገራል» በፊደል ሲለዩ፣ «ይሰማል»፣ «ይመታል»፣ «ይበላል» ግን አድራጊውንና ተደራጊውን የሚለዩት በጥብቀት ብቻ ነው።

ጥብቀት ማለት ተነባቢውን ከተለመደው አስረዝሞ መያዝ ነው፤ ጆሮም እንደ ተደገመ ድምፅ ይቀበለዋል። በአማርኛ ከ«ሀ»ና ከ«አ» በስተቀር ተነባቢዎች ሁሉ ይጠብቃሉ።

የግእዝ ፊደል ጥንት ተነባቢን ብቻ ይጽፍ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በአክሱማዊው ንጉሥ በኢዛና ዘመን፣ አናባቢዎች በፊደሉ ቅርጽ ላይ ምልክት ሲያገኙ ጥብቀት ያለ ምልክት ቀረ። ከዚያ ወዲህ አደራውን የተሸከመው የመምህር አፍ ነው፤ የንባብ ቤት ተማሪ የሚጠብቀውንና የሚላላውን የሚለየው ከመምህሩ እየሰማ ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስም እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ በ1652 ወደ ጎታ ተሻግረው ቋንቋችንን ያስተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ሲታተሙ ግን ጎርጎርዮስ ካረፉ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ይህ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ተብሎ የሚጠየቅ አፍ አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ መሆኑ ቀረ። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ጎልማሳ «ገና»ን ሲያነብ በዓሉ ይሁን ጊዜው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ የሚማረው ግን ምን ይዞ ይለያል? ኦሮምኛም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ይኸው ችግር ነበረበት፤ በ1984 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል ከተቀበለ ወዲህ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጽፋል።

ምልክት የለንም ማለት አይቻልም። በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች እ.ኤ.አ. በ2005 በኮምፒዩተር የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ገብተዋል። የሚጠቀምባቸው ግን ጥቂት ነው። ባለቅኔዎች (እኔንም ጨምሮ) ለዚህ ቸልታ ሰበብ አናጣም፤ ኅብረ ቃል ከሚኖርባቸው ጓዳዎች አንዱ ይኸው ያልተጻፈ ጥብቀት ነውና። ጋዜጣም ያለ ነጥብ ይነበባል። የመማሪያ መጽሐፍና ጽሑፈ ተውኔት ግን ያለ ነጥብ መታተም የለባቸውም እላለሁ። እኔ በተውኔቶቼ ላይ ነጥቦቹን በእጄ አኖራለሁ፤ ተዋንያን መጀመሪያ ይስቃሉ፣ በሦስተኛው ልምምድ ግን ነጥብ የጎደለበትን ቃል ራሳቸው ይጠይቁኛል።