የሞምባሳው ምሽግ ጠባቂዎች

ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 በሞምባሳ ባሕር ዳር ያሠሩት «ፎርት ጂሰስ» የተባለው ምሽግ ከ1960 ወዲህ ሙዚየም ሆኗል። ጎብኚው መድፎቹን ተመልክቶ፣ የዚህ ግንብ ታሪክ የሁለት ባዕዳን ፍልሚያ ብቻ ነው ብሎ ቢመለስ ግን ይሳሳታል። የኦማን ጦር በ1696 ምሽጉን ከብቦ 33 ወራት ሲያስጨንቅ፣ ፖርቱጋሎቹን ከጥይት ይልቅ የፈጃቸው በሽታ ነበር። በ1697 አዛዣቸውም በሞተ ጊዜ፣ ረዳት ጦር እስኪደርስ ድረስ ምሽጉን ይዘው የቆዩት የፋዛው ልዑል ዳውድ፣ ዘመዶቹና ጥቂት አፍሪቃውያን ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዙ ነበር። ኦማኖች ግንቡን የያዙት በ1698 መጨረሻ ነው። በከበባው ዘመን ከምሽጉ ፊት ከሰጠመችው «ሳንቶ አንቶንዮ ዴ ታና» ከተባለች የፖርቱጋል የጦር መርከብ የወጡት ዕቃዎች ዛሬ በሙዚየሙ ይታያሉ።