የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የክትባት ግዴታ፦ ለቤት ሠራተኛ ምን ማለት ነው?

«ፍርድ ቤት የክትባት ግዴታን ሻረ» የሚል ወሬ በስልክሽ ሲደርስሽ፣ መጀመሪያ «የየት አገር ፍርድ ቤት?» ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ አሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የእሱ ውሳኔ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችን ሠራተኛ አይመለከትም። ግን አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ነገሩ ስለ አሠሪና ሠራተኛም የሚያሳየው አለ። (ዓመትና ወሩ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች አሉት። አዲሱ የሥራ ዘመኑ በየዓመቱ በኦክቶበር የመጀመሪያው ሰኞ ይከፈትና እስከ ጁን መጨረሻ አካባቢ ይዘልቃል። በ2021 ኦክቶበር 4 ቀን ሲከፈት የኮሮና ክትባት አቤቱታ ከየአቅጣጫው እየመጣ ነበር። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የኒውዮርክ ከተማ መምህራን፣ የሜይን ግዛት የጤና ሠራተኞች «ግዴታው ይታገድልን» ብለው ጠየቁ፤ አንዳቸውም አልተሳካላቸውም።

ለምን? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። በ1902 ማሳቹሴትስ ውስጥ ካምብሪጅ በምትባል ከተማ ፈንጣጣ ገባ። ከተማዋ ነዋሪው እንዲከተብ አዘዘች፤ እምቢ ያለ 5 ዶላር ይቀጣል። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባል ከስዊድን የመጣ ስደተኛ ፓስተር «ልጅ ሆኜ ክትባት ጎድቶኛል» ብሎ እምቢ አለና ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1905 በ7 ለ2 ድምፅ ተረታ። ፍርድ ቤቱ ግዛቶች የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ ክትባትን ማዘዝ ይችላሉ አለ። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ የእምቢታው ቅጣት ገንዘብ ነው እንጂ ሰውየውን ይዞ በጉልበት መውጋት አልነበረም። «ግዴታ» እና «ጉልበት» አንድ አይደሉም፤ ወሬው ላይ ግን ሁልጊዜ ይደባለቃሉ።

ትልቁ ውሳኔ የመጣው ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔ። የመጀመሪያው 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን እንዲያስከትቡ፣ ያልተከተበውም ማስክ አድርጎ በየሳምንቱ እንዲመረመር ያዘዘውን የፌዴራል መንግሥት ደንብ በ6 ለ3 አገደ። ደንቡ ወደ 84 ሚሊዮን ሠራተኞችን ይመለከት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ በሚቀበሉ ተቋማት የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች እንዲከተቡ የወጣውን ደንብ በ5 ለ4 እንዲቀጥል ፈቀደ። ስለዚህ «ክትባት ተሻረ» ማለትም «ክትባት ግዴታ ሆነ» ማለትም ግማሽ እውነት ነው። ዳኞቹ ክትባቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብለው አልፈረዱም። የተከራከሩት «ይህን ለማዘዝ ሕግ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሰጥቶታል ወይ?» በሚለው ነው። የጤና ሠራተኞቹም ደንብ ቢሆን በ2023 ተነስቷል።

የቤት ሠራተኛስ? እዚያም ተረስታለች። ያንን ደንብ ያወጣው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በግለሰብ ቤት ተቀጥሮ ተራ የቤት ሥራ የሚሠራን ሰው ከመጀመሪያውም አይሸፍንም። የሊባኖስ የሥራ ሕግም ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። አገሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ወደ አንቺ እንምጣ። ሳዑዲ ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ያልተከተበ ሰው ወደ ሥራ ቦታ፣ ወደ ሱቅና ወደ መሥሪያ ቤት እንዳይገባ ከልክላ ነበር፤ በ«ተወከልና» አፕ ነበር የሚታየው። በ2022 ቀርቷል። ያ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ማዳም ግን መንግሥት አይደለችም። «ግዴታ ነው» ስትልሽ የጤና ሚኒስቴር ማስታወቂያ መኖሩን አረጋግጪ።

መርፌ ከመወጋትሽ በፊት ምን ዓይነት ክትባት እንደሆነ ጠይቂ። አለርጂ ካለብሽ ለነርሷ «ዓንዲ ሐሳሲያ» በያት፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ «አነ ሓሚል»። ማዳም ፊት መናገር ካልፈለግሽ ነርሷን ለብቻዋ ማናገር ጠይቂ። የክትባት ካርዱ ያንቺ ነው። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ስልክሽ ቢወሰድ እንኳ አይጠፋም።

አልከተብም በማለትሽ የሠራሽበትን ደሞዝ ከያዙብሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሠራሽበት ገንዘብ ከክትባት ጋር አይገናኝም። የተባልሽውን ቀኑን ጽፈሽ፣ የድምፅ መልእክት ካለም ሳታጠፊ ይዘሽ ለሥራ ቢሮ ወይም ለቆንስላ አመልክቺ። ፓስፖርትሽን «ለክትባት ምዝገባ» ብለው ከወሰዱ በዚያው ቀን መልሰሽ ጠይቂ። በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኤምሬትስ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማስቀረት የተከለከለ ነው።