ቅኔ ቤትና የድርሰት ማስተርስ

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ በየተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ይልኩልኛል። «መምህር፣ ድርሰት እስከ ማስተርስ ድረስ ይማሩታል እንዴ? ተምሮስ ደራሲ ይኮናል?» ይላሉ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈውና ያልተስማማ ይከራከረኝ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከፈረንጆቹ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ የሚባል፣ እንደ እኛው ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበቆሎው የሚታወቅ ግዛት አለ። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በ1922 እ.ኤ.አ. ለከፍተኛ ዲግሪ ማሟያ በጥናት ወረቀት ፈንታ ልብ ወለድ ወይም ግጥም ቢቀርብም እቀበላለሁ አለ። በ1936 ደግሞ የደራስያን ዎርክሾፑን አቋቋመ። እንግሊዞች ቆይተው፣ በ1970፣ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማስተርስ ደረጃ ጀመሩት። አሠራሩ ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ተማሪው የጻፈውን ያመጣል። ጓደኞቹና መምህሩ ጠረጴዛ ከበው እያገላበጡ ይተቹታል። ባለቤቱ አፉን ዘግቶ ይሰማል፤ ከዚያ ሄዶ ያርመዋል።

እዚያም ቢሆን «ደራሲ ይወለዳል እንጂ በትምህርት አይሠራም» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ይሄው ክርክር እኛ ሰፈር ሲነሳ ግን ይገርመኛል። እኛ እኮ ድርሰትን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ስናስተምር የኖርን ሰዎች ነን!

ከመራዊ፣ ከቆጋ ዳር ተነሱ። በዱርቤቴ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ አድርጋችሁ ፍኖተ ሰላም ግቡ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ገጠሩ ውስጥ ገብታችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ፣ «እገሌ ደብር የቅኔ ጉባኤ ነበረ» የማይላችሁ ጥቂት ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋድላ ወሎ ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ግን እዚሁ ጎጃም ናቸው። ትውፊቱ የቅኔን ጅማሬ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ሥርዓት ያለው ትምህርት ሆኖ መስፋፋቱን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከዮሐንስ ገብላዊና ከተዋናይ ጋር ያያይዘዋል።

ቅኔ ቤት የሚገባው ፊደል የሚቆጥር ሕፃን አይደለም። ንባቡን የጨረሰ፣ ዳዊት የደገመ፣ ብዙ ጊዜም ዜማ የቀመሰ ነው። በዛሬው አነጋገር ድኅረ ምረቃ ብንለው አናጋንንም።

እኔ ልጅ ሆኜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ሁለት ክረምት ከቅኔ ተማሪዎች ጋር ተቀምጫለሁ። ጉባኤ ቃና ላይ እያለሁ አባቴ አስኳላ አስገቡኝ። ይሁን እንጂ አሠራሩን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠዋት ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ወደ ሜዳው ይወጣል። አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ፣ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። ቅኔ ይቆጥራሉ፤ ማለትም በጭንቅላታቸው ይደርሳሉ። አንዱ ለብቻው ያወራል፣ አንዱ ሣር እየነጨ ይስቃል። የማያውቅ መንገደኛ ቢያያቸው «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» ይላል። ከዚያ አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ስኮላርሺፑ የገበሬው እንጀራ ነበር።

ከዚያ ነገራ ይመጣል። ተማሪው የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና ያርማሉ። እዚህ ጋ ልኩ ጎደለ፣ ይህ ቃል ከዚያኛው ጋር አይናበብም፣ ሰሙስ እሺ፣ ወርቁ የታለ? ተማሪው ይመለሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሲጀምር ጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት ብቻ። ሲበረታ ወደ ባለ 3 ቤቱ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ያልፋል። እንዲህ እያለ 8 ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ሁሉንም የቻለ «ሙሉ ቤት» ይባላል። ቀጥሎ አገር አቋርጦ ሌላ መምህር ጋ ይሄዳል፤ የአንድ መምህር መንገድ ብቻ አይበቃማ።

ሰምና ወርቁን ለማያውቁት ልጆች በአማርኛ ቀለል ያለ ምሳሌ ልስጥ። «ይበራል» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ወፍም ይበራል፣ መብራትም ይበራል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሲነበብ ነው የሚለየው፣ አንዱ ይጠብቃል አንዱ ይላላል። ባለቅኔ እንዲህ ያለውን ቃል አግኝቶ ላይ ላዩን የወፍ ነገር ያወራል፣ ውስጥ ውስጡን የብርሃን። ይህን በግዕዝ፣ በተለካ ቤት፣ ያለ ወረቀት፣ ለዕለቱ በዓል በሚስማማ ምሥጢር አድርጉት ስትባሉ ችግሩ ይገባችኋል።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ደረስኩ።

ቅኔ ቤቱን ከሁሉ የሚለየው ልመናውም ደበሎውም አይደለም። የኔታ ራሳቸው መቀኘታቸው ነው። እዚያው፣ በዕለቱ፣ ተማሪው እየሰማ፣ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ። ከዚያ የዘረፉትን ይፈቱታል፤ በየት በኩል እንደሄዱ፣ ሰሙን ከየት እንዳመጡ፣ ወርቁን የት እንደደበቁ መንገዱን ያሳያሉ። ትናንት የተቀኙት ለዛሬ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም የተባለ ቅኔ አይደገምም። ስለዚህ መምህሩ በስሙና በትላንት ዝናው ሊኖር አይችልም። ዕድሜ ልኩን በተማሪው ፊት ይፈተናል።

ይህ ትምህርት ደራሲ አላፈራም የሚል ካለ ሦስት ሰው ልጥራ።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ቅኔያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ተማሪዎቻቸውን አሠልጥነው ለአገሩ አዲስ የነበረውን ቴአትር ጻፉ፣ አሳዩም።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ጉዱ ካሣን አስታውሱ። ሰው እብድ ነው ብሎ የሚያልፈውን ንግግር ውስጡን የሚያዳምጥ ብቻ ያገኘዋል። ይሄ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሦስተኛው አቤ ጉበኛ ነው፤ የአቸፈሩ፣ የቆረንጭ አቦው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከነቅኔው ቀምሶ ነው አስኳላ የገባው። «አልወለድም» ወጥቶ ታገደበት፤ እሱ ግን መጻፉን አልተወም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የት ተጋበዘ መሰላችሁ? አዮዋ! ዩኒቨርሲቲው ከዎርክሾፑ ሌላ በ1967 እ.ኤ.አ. ለውጭ አገር ደራስያን የከፈተው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነበር፤ እዚያ ሄደ። ከአቸፈር እስከ አዮዋ፣ ሁለቱንም ደጅ የረገጠ የኛ ሰው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ «የኛው ይበልጣል» ብዬ ልጨርሰው እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤቱ የማይሰጠው ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ዝርው ጽሑፍ አያስተምርም። ልብ ወለድ ለመጻፍ ሐዲስም አቤም ከቅኔ ቤቱ ውጭ ሌላ ንባብ፣ ሌላ ዓለም አስፈልጓቸዋል። ሁለተኛ፣ በዚያ መንገድ ያለፈች ሴት ከጣት አትበልጥም። የጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ለዚህ ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው እንደ አባታቸው ወንበር ተክለው አስተማሩ። ይህን ስናነሳ እንኮራለን። ግን ስንት ገላነሾች እንስራ ተሸክመው ቅኔውን ከሩቅ እየሰሙ ቀሩ? ይህንንም አብረን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ አብዛኛው ቅኔ ተብሎ ቀረ። እንደ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ያሉ ሊቃውንት ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ያለንም ባልኖረን።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመጣ፣ በ1943 የተጀመረው የአዲስ አበባው ከፍተኛ ትምህርት በ1971 የድኅረ ምረቃ በር ከፈተ። ሥነ ጽሑፍም ይማሩበታል። ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው አብዛኛው የድኅረ ምረቃ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚነሳው ሌላው ከጻፈው ነው። ተማሪው የሰው ልብ ወለድ ወስዶ ገጸ ባሕርይውን፣ ጭብጡን፣ ትረካውን ይተነትናል። ይህ ክቡር ሙያ ነው፤ ሃያሲ የሌለው አገር ደራሲውን አያውቅም። ሆኖም የዳቦን ታሪክ ማወቅና ዳቦ መጋገር ሁለት ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን የሚደርሱ መምህራንን አላጣም። ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሯል። መንግሥቱ ለማ ደግሞ ቴአትር አስተምረዋል። መንግሥቱ የሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ያወጉትን ትዝታ በ1959 በመጽሐፍ አውጥተውልናል። የእነዚህ ሰዎች ተማሪዎች ሲያወሩ ሰምታችኋል? የሚያነሱት የመመዘኛ ወረቀቱን አይደለም፤ መምህሩ ራሱ ጸሐፊ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ለጥያቄያችሁ መልሴ ይኸው። አዎ፣ ይማሩታል። ተሰጥኦን ማንም አይሰጣችሁም፤ ቅኔ ቤት የገባ ሁሉም ሙሉ ቤት አልደረሰም። ጆሮን፣ ትዕግሥትን፣ የራስን ሥራ አፍርሶ እንደገና መሥራትን ግን በትምህርት ማግኘት ይቻላል። የምትገቡበትን ስትመርጡ ሕንፃውንና ስሙን አትዩ። ሦስት ነገር ጠይቁ። መምህሩ ራሱ ይጽፋል ወይ? የጻፍኩትን በየሳምንቱ የሚሰማኝና የሚያርመኝ ሰው አለ ወይ? መመረቂያዬ የራሴ ድርሰት ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ድርሰት? ሦስቱም ካልተሟሉ ዲግሪውን ታገኛላችሁ፤ ድርሰቱን ግን ብቻችሁን ትማሩታላችሁ።

ይህን ሥርዓተ ትምህርት ለሚቀርጹ ወዳጆቼም አንድ ቃል አለኝ። የአዮዋን ጠረጴዛ አምጡ፤ አይከፋም። ከጠረጴዛው አጠገብ ግን ለየኔታ አንድ ወንበር ይኑር። ግዕዝ ያስተምሩልን ብላችሁ ብቻ አትጥሯቸው። በተማሪ ፊት መድረስ ምን እንደሚመስል ያሳዩን።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ኑሮው ከብዶ በየደጁ ቁራሽ የሚሰጠው እጅ እያጠረ ነው። የቅኔ ተማሪ ትምህርቱ ከደብር ደብር መዞር ነው፤ ሰላም ደፍርሶ መንገድ በተዘጋበት በዚህ ጊዜ ያ መዞር ራሱ አደጋ ሆኗል። አንድ የኔታ ሲያርፉ አብሯቸው የሚቀበረው የሸመደዱት ብቻ አይደለም፤ ሰው የማረሙ ጥበብም ጭምር ነው።

በዚህ አካባቢ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ስልካችሁ መቅጃ አለው። አቅራቢያችሁ ወዳለ ጉባኤ ሂዱ፤ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅኔውን ብቻ ሳይሆን እርማቱን ቅዱ። ባዶ እጃችሁን ደግሞ አትሂዱ።

የዋሸራን ወይም የጎንጅን መንገድ የቀመሳችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃናችሁን ለማቅናት ስንት ጊዜ እንደተመለሳችሁ ከታች ጻፉልን፤ ልጆቹ ያንብቡት።

ሰላሙን ያምጣልን።