ከምኑ ላይ?

«ተረት ተረት» ብዬ ስጀምር «የላም በረት» ትሉኝ ነበር፤ የዛሬው ግን የላም ሳይሆን የጫማ ነው፣ ቦታውም ቦሌ።

ነሐሴ 2016 ላይ ነን። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ገና ሳምንታት ቢሆኑ ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100ን ተሻግሯል። መድኃኔዓለም አካባቢ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ መስታወቷ ላይ «40 ፐርሰንት ቅናሽ» ብላ ለጠፈች። ሂሳቧ ቀላል ነው። በ2,000 የገዛችውን 50 ፐርሰንት ጨምራ በ3,000 ትሸጣለች፤ ከ50ው 40 ሲነሳ 10 ይተርፋታል። ለበዓል ምን አነሰ?

አጎቷ መጡ። ሾላ ገበያ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ማስታወቂያውን አይተው ተቀመጡና የጫማ ካርቶን ክዳን ገልብጠው እስክሪብቶ አወጡ።

«ልጄ፣ 40ው ከምኑ ላይ ነው?»

«ከዋጋው ላይ ነዋ ጋሼ።»

«50ውስ?»

ዝም አለች።

ጭማሪው የተቆጠረው ከመግዣው፣ ቅናሹ ከመሸጫው። ከ3,000 ላይ 40 ፐርሰንት 1,200 ነው፤ 1,800 ይቀራል፤ በየጥንዱ 200 ከኪሷ። 50 የምትለው ትርፍ ከመሸጫው ሲታይ 33 ከምናምን ብቻ ነው፣ ቅናሹ ከዚያ ካለፈ ዋናዋን መብላት ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የእሷ ብቻ አይደለም። ቫት ጨምሮ 1,150 ብር የሚል ደረሰኝ ስጡትና 15 ፐርሰንቱን 172 ከ50 የሚላችሁ የተማረ ሰው ሞልቷል። 150 ነው፤ የተጣለው 1,000ው ላይ ነዋ!

«እሺ ጋሼ፣ በ40ው ፈንታ 15 ብቻ ልቀንስ?»

«2,550። 550 ታተርፊያለሽ። ከ10 ጥንድ ታገኚ የነበረውን ለማግኘት 19 ትሸጫለሽ። ትችያለሽ?... ለማንኛውም መርካቶ ላለው አከፋፋይሽ ደውዪለት።»

ደወለች። ያው ጫማ 3,200 ገብቷል።

አሁን ነገሩ ከበደ። ያን ሰሞን ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ይታሸጉ ነበር። የድሮውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ ብትሸጥ ፍራቻ፤ በ3,000 ብትሸጥ ደግሞ በወረቀት 1,000 አትርፋ፣ ያንኑ ጫማ መልሳ ለመግዛት 200 ይጎድላታል። እኔ ብጠየቅ ለአሻጊውም ለእሷም እፈርዳለሁ፤ ደረሰኟ 2,000 ይላል፣ መርካቶ 3,200።

«አዲሱን ስንት ልበለው?»

«ከመሸጫው ላይ 20 እንዲተርፍሽ ከፈለግሽ 3,200ን ለ0.80 አካፍዪ።» ስልኳ ላይ መታችው፤ 4,000። ጎረቤት ሱቆችም እዚያው ዋጋ ላይ ናቸው። እንደ ድሮው 50 ብትጨምር 4,800 ይሆናል፣ ማን ይገዛታል?

ማስታወቂያውን ላጠችው። የድሮውን ያለቅናሽ 3,000፣ የመግዣ ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ቀረብ አድርጋ፤ አዲሱን 4,000። አጎቷ ግን ክዳኑን አልለቀቁም።

«ኪራዩንስ ከየትኛው ጫማ ላይ ነው የምታነሺው?»

«ጋሼ፣ በሞቴ መጀመሪያ ቡና ይጠጡ።»