ኮሞሮስ፦ በአንድ አደጋ ብቻ የምናውቃት አገር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ "ኮሞሮስ" የሚለውን ስም ስትሰሙ መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? ታላላቆቻችንን ብትጠይቁ ብዙዎቹ የሚመልሱላችሁ አንድ ነገር ነው፤ የተጠለፈው አውሮፕላን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ነዳጁ አለቀና በዚያች አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፣ 50ዎቹ ተረፉ። የደሴቲቱ ነዋሪዎችና በአካባቢው የነበሩ ቱሪስቶች በጀልባ እየደረሱ ከውኃ ውስጥ ሰው አወጡ።

ታዲያ ወገኖቻችንን ከባሕር ያወጡት እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ትንንሽ አገሮችን የምናውቀው እንዲህ ነው። አንዷን በአደጋ፣ ሌላዋን በእግር ኳስ፣ ሌላዋን በመዝናኛ ሆቴሎቿ እናውቃለን፤ ከዚያ በላይ አንጠይቅም። ይህ ቀላል ጉድለት ሊመስል ይችላል። የኮሞሮስን ታሪክ ያየ ሰው ግን አለመታወቅ አንድን ሕዝብ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ይረዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሞሮስ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ስሟ የመጣው ከዐረብኛው "ጁዙሩል ቀመር" ነው፤ የጨረቃ ደሴቶች ማለት ነው። ዋናዎቹ ደሴቶች አራት ናቸው፦ ንጋዚጃ፣ ንዝዋኒ፣ ምዋሊ እና ማዮት። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሙስሊም ነው፤ መዝሀቡም በሐረርና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የምናውቀው የሻፊዒ መዝሀብ ነው። ቋንቋቸው የስዋሂሊ ዘመድ ሲሆን ለረጅም ዘመን በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል። በዋና ከተማቸው በሞሮኒ ያለው ጥንታዊ የጁምዓ መስጂድ በ1427 እንደተሠራ ይነገራል።

ከእነዚህ ደሴቶች ትልልቅ ዑለማ ወጥተዋል። ሰይድ አሕመድ ቢን ሱመይጥ በ1861 በንጋዚጃ ተወለዱ። አባታቸው የሐድረመውት ተወላጅ ነበሩ። ሸይኹ ለዕውቀት እስከ ኢስታንቡልና ካይሮ ተጉዘው በዛንዚባር ቃዲ ሆኑ፤ በ1925 እዚያው እስኪያርፉ ድረስም በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከታወቁት ዓሊሞች አንዱ ነበሩ።

ስለ ዕውቀት ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። በ1938 በደቡብ አፍሪካ አንድ እንግዳ ዓሣ ተጠመደ። ሳይንቲስቶች ሲያዩት ደነገጡ፤ ሲላካንት የሚባለው የዚህ ዓሣ ዘር ከ60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍቷል ብለው ያምኑ ነበርና። ሁለተኛውን ለማግኘት ሽልማት አውጥተው 14 ዓመት ፈለጉ። በ1952 የተገኘው ኮሞሮስ ውስጥ ነው። የደሴቶቹ ዓሣ አጥማጆች ግን ዓሣውን ጥንትም ያውቁታል፤ "ጎምቤሳ" የሚል ስምም አላቸው። ዓለም "ጠፍቷል" ያለው የሚያውቁትን ሰዎች ስላልጠየቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ፈረንሳይ በ1841 ከማዮት ገዥ ጋር ተዋውላ ደሴቲቱን በዓመታዊ ክፍያ ወሰደች። በ1886 ሦስቱን ደሴቶችም በጥበቃዋ ሥር አደረገች። በዲሴምበር 1974 ስለ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ከአራቱ ደሴቶች ድምፅ ሰጪ 95 በመቶ ገደማ ነጻነትን መረጠ። በማዮት ግን 64 በመቶ ያህሉ አልፈልግም አለ። የፈረንሳይ ፓርላማም ጉዳዩ ደሴት በደሴት ይታይ አለ። ኮሞሮሶች ይህን ባለመቀበል ጁላይ 6 ቀን 1975 ነጻነታቸውን አወጁ፤ ማዮት ግን በፈረንሳይ እጅ ቀረች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1976 የፈረንሳይን በማዮት መቆየት አወገዘ። የተለወጠ ነገር የለም።

በፍትሕ ለመናገር የማዮት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከእነርሱ ደሴት ወደ ሞሮኒ እንዲዛወር ሲወሰን ተገፋን ብለው ነበር። በ2009ም ከፈረንሳይ ጋር ይበልጥ ለመዋሐድ በብዛት ድምፅ ሰጡ፤ ደሴቲቱም በ2011 የፈረንሳይ ሙሉ ክፍለ ግዛት ሆነች። ስለዚህ ጉዳዩ አንዱ ወገን ጥቁር ሌላው ነጭ የሆነበት አይደለም። የራስን ወንድም ማስከፋት በር እንደሚከፍትም ያስተምራል።

ሦስቱ ደሴቶችስ ነጻነታቸውን አጣጣሙት? አላጣጣሙትም። ነጻነት በታወጀ በወሩ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። ቦብ ደናር የሚባል ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር በ1975 አሊ ሷሊሕ ሥልጣን እንዲጨብጡ አገዘ፤ በ1978 ደግሞ ሃምሳ የማይሞሉ ሰዎች ይዞ በባሕር መጥቶ እኒያኑ ሰው ገለበጣቸው። እስልምናን ተቀበልኩ ብሎም ሰኢድ ሙስጠፋ መሕጁብ ተባለ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የፕሬዚዳንቱ ዘብ ኃይል አዛዥ ሆኖ ኖረ። ፕሬዚዳንት አሕመድ አብደላህ በ1989 በገዛ ቤተ መንግሥታቸው ተገደሉ። በ1995 ደናር እንደገና መጥቶ ሌላ ፕሬዚዳንት ያዘ፤ በዚህ ጊዜ የፈረንሳይ ጦር አስወጣው። ከዓመታት በኋላ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት የፈረደበት አብዛኛው በገደብ የታገደ እስራት ነበር። ጥቂት የታጠቁ ሰዎች የአንድን ትልቅ አገር መንግሥት እንዲህ ቢጫወቱበት ዓለም ዝም ይል ነበር?

ከ1995 ጀምሮ የሦስቱ ደሴቶች ሰው ወደ ማዮት ለመግባት ቪዛ ይጠየቃል። ከንዝዋኒ እስከ ማዮት ያለው ባሕር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያም በዚህም አክስትና አጎት፣ አማችና የእህት ልጅ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ለመውለድ፣ በሽተኛ ለመታከም፣ ወጣት ሥራ ለመፈለግ "ክዋሳ" በሚሏት ትንሽ ጀልባ ሌሊት ይሻገራል። በዚህ ባሕር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። የራሳችን ልጆች በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ያለቁብን እኛ ይህን ሐዘን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

የኮሞሮስ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ በ2023 የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር ሆነው እዚሁ አዲስ አበባ ሲመረጡ፣ ብዙ ወጣት አገራቸው የት እንዳለች ለማወቅ ስልኩን መፈለግ ነበረበት። መፈለጉ መልካም ነው። ችግሩ ካርታውን ካዩ በኋላ ስልኩን መዝጋት ነው። የአንድ ትንሽ አገር ስም ሲነሳ እንጠይቅ፦ ማን ይኖርባታል? ማን ገዛት? ምን ተወሰደባት? ዛሬ ሕዝቧን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? እነዚህን ለማወቅ የአንድ ምሽት ንባብ ይበቃል።

በአፍሪካ ኅብረት ግቢ በኩል ስታልፉ የኮሞሮስን ሰንደቅ ዓላማ ፈልጉት። በአረንጓዴው ላይ ሂላል አለ፤ ከጎኑም አራት ኮከቦች። መንግሥቱ የሚያስተዳድረው ሦስት ደሴቶችን ነው። አራተኛው ኮከብ የማዮት ነው።

ወላሁ አዕለም።