ሀኩይን፣ ቅቤው እና ወንድሜ

ወንድሜ አፑን ያገኘው ከእኔ ነው። ይሄን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት እንቅልፍ ሲነሳኝ የሜዲቴሽን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ትንፋሼን እከታተል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጠቀመኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ጊዜ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሳይኮሲስ አሉት፤ ሰፈሩ ግን «ተምሮ ተምሮ አበደ» አለ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ተሽሎት ትምህርቱን ጨርሷል። ውስጡ ግን እረፍት አልነበረውም። «ይሄን ሞክረው፣ ያረጋጋሃል» ብዬ ሊንኩን ላክሁለት።

እሱ አንድ ነገር ሲይዝ በግማሽ አይዝም። አሥሩ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አንዱ ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ሆነ። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፤ ቤቱ ጸጥ አለ፣ የእሱም ፊት በራ። ከዚያ ምግብ ቀነሰ። «አእምሮዬ ጠርቷል» ብሎ መድኃኒቱን ማቆሙን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በአምስተኛው ሳምንት ትንፋሹ ውስጥ የሚያናግረው ሰው እንዳለ ነገረኝ። ተመልሶ ሆስፒታል ገባ።

አሁን ደህና ነው። ይሄንንም እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው፤ «ስሜን አትጥራ፣ ቅቤውን ግን እንዳትረሳ» አለኝ። ቅቤው ይመጣል።

በእኛ ሙያ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃል ወይ?» ተብሎ ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ የፈለግሁትም ይሄንኑ ነበር። የዘንድሮ የሐኪሞች ጥናት አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ ያገኘሁት አንድ የጃፓን መነኩሴ ነው።

ሀኩይን ኤካኩ በ1686 በፉጂ ተራራ አካባቢ ሀራ በምትባል መንደር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ልጅ ሳለ ስለ ሲኦል የሰማው ስብከት አስደንግጦት፣ ለመታጠቢያ የሚነደውን እሳት ድምፅ ሲሰማ እንኳ ያለቅስ ነበር ይባላል። በአሥራዎቹ ዕድሜ መነኮሰ። የገባበት ዜን የተባለው የቡድሃ መንገድ ደግሞ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ አእምሮን አንድ ቦታ ማጥመድን ይጠይቃል። በ1708 ቀንና ሌሊት ሲታገል ቆይቶ፣ ሩቅ የተደወለ የቤተ መቅደስ ደወል ሲሰማ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ አለ። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ እንደ እኔ የበራለት የለም ብሎ እስከ ማሰብ ደረሰ። ሾጁ የሚባል ሽማግሌ መምህር ይሄን ትዕቢቱን አይቶ አሸማቀቀው። ሀኩይን ግን ቀለል ከማድረግ ይልቅ ጨመረበት፤ ምግብና እንቅልፍ ረስቶ ቀጠለ።

ከዚያ ታመመ። ሕመሙን ራሱ ጽፎታል። ጭንቅላቱና ደረቱ ይነድዳል፣ እግሮቹ በረዶ ውስጥ የተነከሩ ይመስላሉ። ጆሮው ውስጥ ወንዝ የሚወርድ ያህል ይጮኻል። ትንሹ ነገር ያስፈራዋል፣ ብብቱን ያልበዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ተኝቶም ነቅቶም እንግዳ ነገሮች ይታዩታል። መምህራን ጋ ሄደ፣ ሐኪሞች ጋ ሄደ፤ አንዱም አልረዳውም።

ከሦስት መቶ ዓመት ርቀት ላይ ሆኜ «ሀኩይን ሳይኮሲስ ነበረበት» አልልም፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሕመሙ ያን ጊዜ ስም ነበረው። ጃፓኖቹ ዜንብዮ ይሉታል፤ የዜን በሽታ ማለት ነው። ከእሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ቻይናዊ መነኩሴ ጅዪ (538–597) የበሽታ መነሻዎችን ሲዘረዝር ካልተስተካከለ ምግብ ጎን ያልተስተካከለ ሜዲቴሽንንም ቆጥሯል። እንግዲህ ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር! ስልኬ ላይ ያለው አፕ ሰማያዊ ሰማይና የወፍ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ መስመር አልጻፈም።

ሀኩይን በመጨረሻ ኪዮቶ አጠገብ ሺራካዋ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ የሚኖር ሀኩዩ የሚባል ባሕታዊ ጋ ወጣሁ ይላል። ባሕታዊው ከመጠን በላይ በማሰላሰል እንደታመመ ነገረው፤ ጭንቅላትህ ላይ የሰበሰብከውን ሐሳብ ወደ ታች፣ ከእምብርትህ በታች፣ ወደ ውስጥ እግርህ አውርደው አለው። አንድ መላም ሰጠው። የዳክዬ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ቅቤ አናትህ ላይ እንደተቀመጠ አስብ። ቀስ እያለ እየቀለጠ በጭንቅላትህ፣ በትከሻህ፣ በደረትህ፣ በጀርባህ ወርዶ እግርህ ድረስ ያርስሃል። ሀኩይን በዚህ ዳንኩ ብሎ ታሪኩን ያሴንካና በሚባል ትንሽ መጽሐፍ በ1757 አሳተመው፤ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ባሕታዊው በእውነት የኖረ ሰው ነው፤ ተመራማሪዎች ግን የዘመን ቆጠራው ስለማይገጥም ጉብኝቱን እንዳለ አይቀበሉትም። ለተማሪዎቹ ብሎ ያሳመረው ታሪክ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ይሄን ሳሎን ውስጥ ሳነብለት እማዬ ከጓዳ ትሰማለች።

«ምን አልክ? ቅቤውን በሐሳብ?»

«አዎ እማዬ፣ አናትህ ላይ እንዳለ አስብ ነው የሚለው።»

«እና እውነተኛውን ምን ከለከላቸው?» ብላ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። የሃያ አራት ዓመት ወንድሜ አናቱን ተቀብቶ፣ በሻሽ ታስሮ፣ ቅቤው አንገቱ ላይ እየወረደ ተቀመጠ። ከወራት በኋላ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቅቤ ሳይኮሲስ ያድናል እያልኩ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ያን ቀንም ነበር፣ ዛሬም ነው። እንዲያውም በምናብ የሚደረገው የሀኩይን ቅቤ ለወንድሜ አይሆነውም። በሐሳቡ የፈጠረውንና በእውነት ያለውን ለመለየት ለሚቸገር ሰው ዓይን ጨፍኖ ማሰብ ራሱ ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። የእማዬ ቅቤ ግን ይሸታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ያበላሻል።

ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ሄጄ የፈለግሁት ነገር ቅርባችንም እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ታሪክና ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ወደ ግዕዝ ሲተረጎም ኖሯል፤ የአባ ጳኩሚስ የገዳም ሥርዓት ከነዚህ አንዱ ነው። እነዚያ አባቶች ብቻውን በረሃ የተቀመጠ አእምሮ ምን ሊያሳይ እንደሚችል በደንብ ያውቁ ነበር። ዮሐንስ ካስያን በ5ኛው መቶ ዓመት ከአባ ሙሴ ሰማሁ ብሎ የጻፈው የሄሮን ታሪክ አለ። ሄሮን ሃምሳ ዓመት በረሃ የኖረ ብርቱ ጿሚ ነው። ጾሜን ያቀልልብኛል ብሎ ፋሲካን እንኳ ከወንድሞቹ ጋር አይበላም ነበር። አንድ ቀን የብርሃን መልአክ መስሎ የታየው ነገር ጉድጓድ ውስጥ ዝለል፣ ምንም አትሆንም አለው፤ ዘለለ። በስንት መከራ አወጡት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ካስያን ነገሩን የሰይጣን ሥራ ይለዋል፤ እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ዝርዝር ነው፤ ብቸኝነቱ፣ ጾሙ፣ ማንንም አለመስማቱ፣ ማዕዱን መተዉ። የወንድሜን አምስት ሳምንት የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲያነብ ይደነግጣል።

መፍትሔያቸውም አለ። አባ እንጦንስ በረሃ ውስጥ ጭንቀት ሲይዘው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲታታ አየ ይላል ታሪኩ፤ መልአክ ነበር፣ እንጦንስም እንዲሁ እንዲያደርግ ተነገረው። ጳኩሚስ ደግሞ መነኮሳቱን ሰብስቦ አብረው እንዲበሉ፣ አብረው እንዲሠሩ ሥርዓት ሠራላቸው። እኛም ጋ የአንድነት ገዳምና የቁሪት ገዳም የሚባል ልዩነት አለ፤ ብቻውን በአት የሚዘጋ ሰውም ከዚያ በፊት ከሌሎች ጋር ኖሮ የተፈተነ ቢሆን ይመረጣል። ለጀማሪ ብቸኝነት በቀላሉ አይሰጥም። እኔ ለወንድሜ ሊንክ ስልክለት የሰጠሁት ግን ይሄንኑ ነበር።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እውቀት የት ጠፋ? ቢትልሶች በ1968 ሪሺኬሽ ሄደው ማሃሪሺ እግር ሥር ሲቀመጡ ሜዲቴሽን የዓለም ወሬ ሆነ። በ1975 የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን ሃይማኖቱን አውጥቶ ዘዴውን ብቻ በመጽሐፍ አቀረበው፤ መጽሐፉም በጣም ተሸጠ። በ1979 ጆን ካባት-ዚን ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጊዜ በኋላ ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ኮርስ የሆነውን የጭንቀት ማስታገሻ ክሊኒክ ከፈተ። ሐሳባቸው መልካም ነበር፤ ብዙ ሰውም ተጠቅሟል፣ እኔን ጨምሮ። ግን ፕሮግራመሮች የምናውቀው ነገር አለ። ከሌላ ሰው ፕሮጀክት አንድ ፈንክሽን ቀድተህ ስትወስድ፣ ዙሪያው ያለው ስህተት የሚይዘው ኮድ አብሮህ አይመጣም። መነኩሴው መምህር ነበረው፣ ማዕድ ነበረው፣ «ልጄ፣ ፊትህ ልክ አይደለም፣ ዛሬ ሄደህ ተኛ» የሚለው ሰው ነበረው።

በዚያው በ1979 ሮጀር ዋልሽና ሎረን ሮሽ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ቀድሞ ስኪዞፍሬንያ የነበረባቸው ሦስት ሰዎች በከባድ ሜዲቴሽን ላይ ሳሉ እንደገና ታመሙ። ደራሲዎቹ አደገኛ ነው ያሉት ድምሩን ነው፤ ረጅም ሜዲቴሽን፣ ጾም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የቀድሞ ሕመም እና መድኃኒት ማቋረጥ። ያን ጽሑፍ ሳነብ የወንድሜን ፋይል የማነብ መሰለኝ፤ አንድ ነገር አልጎደለም። እኔ ከመወለዴ በፊት ታትሞ ተቀምጧል። በ2017 ደግሞ ጃሬድ ሊንዳልና ዊሎቢ ብሪተን ስድሳ ሜዲቴሽን አድራጊዎችን ጠይቀው የደረሰባቸውን ነገር በሃምሳ ዘጠኝ ዓይነት መደቡት፤ ፍርሃትና ቅዠት የሚመስል ነገር ከውስጡ አለ። አብዛኛው ሰው አሥር ደቂቃ ቁጭ ቢል ምንም አይሆንም። ጥያቄው ማን፣ ምን ያህል፣ ከማን ጋር የሚለው ነው።

ወንድሜ አሁንም መረጋጋት ይፈልጋል፤ «አታድርግ» ብቻ ማለት ደግሞ ሰውን ባዶ እጁን መተው ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1929 ያሳተመው ዘዴ ጡንቻን አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ነው፤ እጅ፣ ትከሻ፣ እግር። ትኩረቱ ሥጋ ላይ ስለሆነና ዓይን ተገልጦም ስለሚሠራ ወንድሜ ወደደው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ቻድዊክ ደግሞ በ2005 ሳይኮሲስ ላለባቸው ሰዎች ያቀረበው ሜዲቴሽን አለ። ከአሥር ደቂቃ አያልፍም፣ በቡድን ነው፣ መምህሩ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ረጅም ዝምታ የለም። እኔ የላክሁለት አፕ ከዚህ ተቃራኒው ነበር፤ በቆየህ ቁጥር ኮከብ ይሸልምሃል።

ሐኪሙን ስንጠይቀው መጀመሪያ ያነሳው እንቅልፍን ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ከተዛባ እንድንደውልለት ነገረን። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ቡና እንዲቀንስ (እማዬ በዚህ አልተስማማችም)፣ ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር በእግሩ እንዲሄድ፣ እጁን የሚያሠራ ነገር እንዲይዝ። ሐኪሙ ስለ እንጦንስ ገመድ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ገመድ የሚታታ ሰው ቤታችን የለም። ወንድሜ አሁን ምስር ይለቅማል። ከሰዓት በኋላ እማዬ ሰፌዱን ጭኑ ላይ ታስቀምጥለትና አጠገቡ ሆና የጎረቤት ወሬ ትነግረዋለች። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ጣቶቹ ይሠራሉ። ባለፈው እሁድ እኔም ላፕቶፔን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ትንፋሽህን አትቁጠር፣ ምስሩን እይ» አለኝ ሳይስቅ። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ጠጠር አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠ።